ጓዳ የገባው እንግዳ

ዘይኑ መሞቱን የነገረችኝ ሎኮ ናት። ወደራ ገበያ መሀል ከአንድ የባጃጅ ሾፌር ጋር ስከራከር ስልኬ ጠራ።

«የት ነህ?» አለችኝ።

«ወደራ።»

«መጀመሪያ ቁጭ በል።»

የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረም። አንዲት ሴትዮ የምትሸጠው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ዘይኑ ሞያሌ ታሞ ነበር። ወደ ነገሌ ይዘውት ሲመጡ መንገድ ላይ ዐረፈ። ዛሬ ጠዋት ተቀበረ።»

 ስልኩ አልተዘጋም፤ እሷ ባለችበት በኩል የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማኝ ነበር። ባለሽንኩርቷ ፊቴን አየችና ተነስ ሳትለኝ ቀረች።

ሎኮ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ይህን እንደምጽፍ ስነግራት ስሙን የመረጠችልኝ ራሷ ናት።

ዘይኑ የሀጂ ነስሩ ሦስተኛ ልጅ ነበር። ሀጂ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ነገሌ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሁለቱ ታላላቅ ልጆች ጨርቁ ውስጥ ገቡ፤ ዘይኑ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ከአባቱ ሱቅ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዘና በሯ ላይ «ዘይኑ ኮምፒውተር፦ ሁሉም ይገናኛል» የሚል ታፔላ ሰቀለ። ጉራውም ከታፔላው አያንስም ነበር። «ነገሌ ውስጥ እኔ የማላገናኘው ባልና ሚስትን ብቻ ነው» ይላል፤ ይህን የሚለው ደግሞ ለማንም ነው፤ ለደንበኛ፣ ለትራፊክ ፖሊስ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ለሠርገኛ።

ረጅም ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ እንዳደገ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ይሄዳል። በሸሚዙ ኪስ ካቻቢቴ አይጠፋም። አብሮት መንገድ መሄድ ግን መከራ ነው። ከሱቁ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሰላም ሳይለው የሚያልፈው ሰው የለም። ወተት ይዘው ከገጠር የሚገቡትን ሴቶች በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ» ይላቸዋል። «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይሉታል። ከብቱስ? ናጋ። ዝናቡስ? ናጋ። ልጆቹስ? ናጋ። ዝናቡ ሳይዘንብ ወራት ማለፉን እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ፤ መልሱ ግን ናጋ ነው። ከጦር ሰፈሩ የሚወጡትን ወታደሮች በማዕረጋቸው ይጠራል። የአባቱን ወዳጆች በጉራጌኛ እየቀለደ ያቆማቸዋል። እኔ ቸኩዬ ስጎትተው እንዲህ ይለኝ ነበር፦

«ሰላም ተብሎ ያልመለሰ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። ሁለቱም ቆሞ መጠየቅ ይፈልጋል።»

የተዋወቅነው እኔ በአንድ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ የተማሪ ውጤት እየጻፍኩ በምኖርበት ጊዜ ነው። በተበላሹ የፈተና ወረቀቶች ጀርባ ግጥም እሞክር ነበር። ዘይኑ አንዱን አንስቶ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ገጣሚ» ሆኜ ቀረሁ።

ትምህርት ቤቱና አንድ ክሊኒክ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነበሩ። በሩ አንድ፣ ዘበኛው አንድ፣ ጄኔሬተሩ አንድ። ስለዚህ ሰርቨር የሚባለው ትልቁ ኮምፒውተር ሲገዛም አንድ ብቻ ተገዛ፤ የትምህርት ቤቱ ውጤትና የክሊኒኩ የሕመምተኛ ካርድ እዚያው ውስጥ ይግቡ ተባለ። ሥራው ለዘይኑ ተሰጠ። ሰርቨሩን ያስቀመጥነው ጠመኔ ይቀመጥበት በነበረ ትንሽ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ግድግዳውን የነካ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

«ስንት ኮምፒውተር ይታይሃል?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«አንድ።»

«ሁለት ነው። ቤቱ አንድ፣ እንግዶቹ ሁለት። በኛ ሥራ እንግዳ ነው የሚባሉት፣ እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። በዚህ ብረት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች ይኖራሉ፤ ብረት የላቸውም እንጂ ሌላው ሁሉ አላቸው። አንዱ የሌላውን መኖር አያውቅም፤ ካላስተዋወቅናቸው በቀር።»

«ማስተዋወቁ ያንተ ሥራ ነው?»

«ማስተዋወቁ ነው ሥራው። ሌላውን ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል።»

ማያው ላይ አንድ ዝርዝር ከፈተ። እንግዳው ከውጭው ዓለም ጋር በምን መንገድ ይገናኝ የሚል ምርጫ ነው። የመጀመሪያውን፣ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ የተጻፈበትን፣ «ናት» ብሎ አነበበው።

«ማን ናት?» አልኩት።

ሳቁ ጠመኔውን ከመደርደሪያው አራገፈው። ከዚያ በኋላ ያንን ምርጫ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም፤ «ማን-ናት» ነበር የሚለው። ሲያስረዳኝም በአባቱ ፖስታ ሳጥን ነው ያስረዳኝ። እሱ ልጅ በነበረበት ጊዜ የነገሌ ግማሹ ሰው የራሱ ፖስታ ሳጥን አልነበረውም። ወታደሩም፣ አስተማሪውም፣ ከሰሜን የመጣ ሠራተኛም ደብዳቤው የሚመጣለት «ይድረስ ለእገሌ፣ በሀጂ ነስሩ በኩል» ተብሎ ነው። ደብዳቤውን በየቤቱ የሚያደርሰው ዘይኑ ነበር።

«ማን-ናት ማለት በኩል ማለት ነው» አለኝ። «እንግዳው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ውጭ ያለው ሰው የሚያየው ግን የሀጂን ሳጥን ነው። መልሱ ሲመጣ ሀጂ ያውቃሉ፣ ይሄ የአስር አለቃው ነው ብለው ይሰጣሉ። ታዲያ አንድ የማይታወቅ ሰው ከውጭ ተነስቶ አስር አለቃውን ልፈልግ ቢል አያገኘውም። ነገሌ ውስጥ በዚያ ስም ሳጥን የለማ።»

«ጥሩ ነው እኮ፣ ይጠብቀዋል።»

«ይጠብቀዋል። ግን እድሜ ልኩን በሰው ስም ይኖራል። እኔ እንግዳ ተቀብዬ በበኩል አላኖርም።»

ቀጣዩ ብሪጅ ነበር። ድልድይ ማለት ነው፤ እሱ ግን ሳሎን ይለዋል። ብሪጅ ላይ የተቀመጠ እንግዳ በራሱ ስምና በራሱ አድራሻ እንደማንኛውም ኮምፒውተር አደባባይ ይወጣል፤ ሁሉም ያየዋል፣ ሰላም ይለዋል፣ እሱም ይመልሳል። ከዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ አንድ ሌላ ነበር፤ እንግዳውን ከሌሎች ሁሉ ለይቶ ለብቻው የሚያስቀምጥ። ያንን ዘይኑ ጓዳ ብሎ ሰይሞት በእጁ ገፋ አድርጎ አለፈው።

«ይሄኛውስ?»

«ጓዳ ነዋ። እንግዳ ጓዳ ይገባል እንዴ? ጓዳ የሚገባ ወይ ቤተሰብ ነው ወይ ሌባ።»

ሁለቱንም እንግዶች ሳሎን አስቀመጣቸው። በዚያ አገር እንግዳውን ጥሩው ወንበር ላይ የማያስቀምጥ ሰው እንደሌለ ለምታውቁ፣ ነገሩ አይገርማችሁም። እኔም አልገረመኝም።

ያስረከበ ቀን አባቱን ይዞ መጣ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አቶ ማቴዎስ ለሀጂ ወንበር አመጡላቸው። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥኩ። በኛ ሥራ አንዱ ኮምፒውተር ሌላው መኖሩን የሚጠይቅበት አጭር ትእዛዝ አለ፤ ፒንግ ይባላል። ዘይኑ ግን «አካም በለው» ይላል።

«ትምህርት ቤቱን አካም በለው» አለኝ። ጻፍኩ። መልሱ መስመር በመስመር መጣ።

«ናጋ ይላል» አለ ዘይኑ፣ ለአባቱ። «አሁን ክሊኒኩን በለው።»

ክሊኒኩም መለሰ።

«ሁለቱም እዚያች ሳጥን ውስጥ ናቸው?» አሉ ሀጂ።

«አዎ፣ አባ።»

«እና ይነጋገራሉ?»

«እንደ ጎረቤት።»

ሀጂ ሌላ ነገር አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን ሱቃቸው ስገባ ለአንዲት ሴት አቡጀዲ እየለኩ ስለ ሳጥኗ ሲያወሩላት ሰማኋቸው። ለሚቀጥለው ገዢም አወሩ። ከኔ ጋር አይን ለአይን ስንገጣጠም መቀሱን ይዘው ፈገግ አሉ።

ክሊኒኩ ውስጥ በየጊዜው የይለፍ ቃል መጻፍ ሰለቸን ብለው ዘይኑ እንዲያነሳላቸው ለመኑት። እሱም አነሳላቸው። ሰው ሲቸገር ዝም ብሎ ማየት አይችልም ነበር።

ሳምንታት አልፈው አንድ ከሰዓት አቶ ማቴዎስ የስድስተኛ ክፍልን ውጤት ፈልገው ከጀርባዬ ቆመዋል። ፋይሉን ስፈልግ ከራሳችን ፎልደር ጎን ሌላ ፎልደር አየሁ፤ «ካርድ ክፍል» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«የክሊኒኩ ይመስለኛል።»

«ይከፈታል?»

ሳላስበው ጠቅ አደረግኩት። ተከፈተ። ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ፎልደሮች ተደርድረዋል። ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። አቶ ማቴዎስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፊታቸው በራ።

«ይሄ እኮ በረከት ነው። የታመመውን ልጅ እናውቃለን፣ የታመመውን ሠራተኛ እናውቃለን። ነገ በኔም ኮምፒውተር ላይ እንዲከፈት ዘይኑን ንገርልኝ» አሉና ደወል ሲደወል ወጡ። ወጥተውም ለመምህራኑ ነገሯቸው፤ ደስ ያላቸውን ነገር ይዘው መቆየት አይችሉም።

ዘይኑ ሱቅ ሄጄ ስነግረው መጀመሪያ ችግሩ አልታየውም። «ሳሎን ናቸዋ፣ ይተያያሉ» አለ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ሎኮ ገባች። የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ የቦረና ልጅ፣ ስትቆም ቀጥ ብላ የምትቆም። ያንለት ግን በሩ ላይ ደገፍ ብላ ነው የቆመችው።

«አካም ሎኮ» አላት ዘይኑ።

አልመለሰችም።

«ምነው? ወይ ታመሻል ወይ ተቀይመሻል።»

«ሁለቱንም» አለች።

ዘይኑ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወንበር አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም። እኔን አየት አድርጋ፣ «አንተም ስማ፣ ለማንኛውም የሚታየው ባንተ ኮምፒውተር ነው» አለች። ከዚያ ዘይኑን እያየች ተናገረች።

«የቲቢ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ሲስተር አስቴር ትንፋሼ አሁን ለማንም እንደማያስተላልፍ ነግራኛለች፤ አስተምሪ ብላኛለች። መድኃኒቱን መጨረስ ብቻ ነው የቀረኝ። ይሄን ግን ማን ይሰማኛል? ባለፈው ዓመት ዘበኛው ሲያስለው የጠጣበትን ኩባያ ሲያቃጥሉት አይታችኋል። ኮንትራቴ የሚፈረመው ዓመቱ ሲያልቅ ነው። እና እዚያ ሳጥን ውስጥ ስሜ አለ። ከቢሮ ይታያል አይታይም?»

«ይታያል» አለ ዘይኑ።

«ማነው እንዲታይ አድርጎ ያስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

 ዘይኑ ጣቱን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጎተተ።

«ክብር መስሎኝ» አለ።

እዚያው ተነስቶ ወደ ግቢው ሄደ። መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ነበር፤ እሱ ግን ማንንም ሰላም ሳይል አለፈ። አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው ተከትለው አዩት፤ ምን ነካው እያሉ ነበር መሰለኝ።

አቶ ማቴዎስን ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው። የክሊኒክ ነገር ለክሊኒክ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ሌላም አገር እንዲህ ነው፣ ልዝጋው አላቸው። አቶ ማቴዎስ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ዘይኑ፣ እኛ እኮ አንድ ግቢ ነን። ቤተሰብ ነን። ከቤተሰብ የሚደበቅ ምን አለ?»

«ሰው ላይወድ ይችላል፣ አቶ ማቴዎስ።»

«የትኛው ሰው? በዚህ የሚጎዳ አንድ ሰው ስም ጥራልኝ፤ አሁኑኑ ይዘጋ።»

ሎኮ ደብተር ተሸክማ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆማ ነበር። ዘይኑ ወደዚያ አልዞረም።

«ማንም የለም» አለ።

«እንግዲያው ተወው።»

«እሺ» ብሎ ወደ ጠመኔ መጋዘኑ ገባ። እኔም ተከተልኩት። ሰርቨሩ ከጀርባው ሁለት የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ነበረው፤ እስከዚያን ቀን የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ወደ ክሊኒኩ የሚሄደውን ገመድ ከጋራው ማከፋፈያ ነቅሎ ሁለተኛው ላይ ሰካ። ከዚያ ማያው ፊት ተቀምጦ ለዚያ መሰኪያ ብቻ የሚሆን አዲስ ኔትወርክ ፈጠረ። ስም ስጠው የሚል ባዶ ሳጥን መጣ። ዘይኑ ትንሽ አሰበና «ጓዳ» ብሎ ጻፈ። የክሊኒኩን እንግዳ ከሳሎን አንስቶ እዚያ አስገባው።

«የጓሮ በር ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። «በዚያ በር ክሊኒኩ ብቻ ይገባል። ወደ ሳሎን የሚያሳልፍ በር የለውም።»

ክሊኒኩ ሄደን ከሲስተር አስቴር ጠረጴዛ አካም አልነው፤ ወዲያው መለሰ። ዘይኑ ያነሳውን የይለፍ ቃልም እዚያው መለሰላቸው፤ ሲስተር አስቴር ምክንያቱን አልጠየቀችም፣ ገብቷታል። ከዚያ ወደኔ ቢሮ ተመለስን። ጻፍኩ። ጠበቅን። መልስ የለም የሚል መስመር መጣ፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። ዘይኑ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ ያያል። የደስታ ፊት አልነበረም፤ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥቶ የሚያይ አባት ነበር የሚመስለው።

«እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም» አለ። «እየሰማ የማይመልስ።»

በማግሥቱ አቶ ማቴዎስ ዘይኑን አስጠሩት።

«ክሊኒኩ አይመልስም» አሉት።

«አዎ፣ አይመልስም።»

«ትናንት ይመልስ ነበር እኮ።»

«ይመልስ ነበር።»

«በል አስተካክለው።»

ዘይኑ ወንበሬን ተቀብሎኝ ተቀመጠ። ቁልፎቹን ነካካ፣ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ መጋዘኑ ገብቶ ክርኑ ጠመኔ ሆኖ ተመለሰ። ምንም እንደማይሠራ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ተነስቶ እጁን አራገፈ።

«አልቻልኩም፣ አቶ ማቴዎስ። የናንተ ሳጥን አሸነፈችኝ።»

አቶ ማቴዎስ የቀለደ መስሏቸው ጠበቁ። እንዳልቀለደ ሲያውቁ ሳቁ። «ታዲያ ሁሉም ይገናኛል የሚለውን ታፔላ ምን ልናደርገው ነው?»

ዘይኑም አብሯቸው ሳቀ።

ከግቢው ወጥተን ግራሩ ሥር ስንደርስ ያዝኩት። እምቢ፣ አልከፍትም ማለት ሲችል ለምን አልቻልኩም እንዳለ ጠየቅኩት። እኔ ተናድጄ ነበር፤ እሱ ረጋ ብሏል።

«እምቢ ብል ለምን ይሉኛል» አለ። «ለምን ያለ ሰው ቀጥሎ ማን ይላል። በዚህ ግቢ ውስጥ ስንት አዋቂ አለ? ቁጭ ብለው ቢያስቡ እስከ ማታ ይደርሱባታል። አቃተኝ ካልኩ ግን ወሬው እኔ ጋ ይቀራል።»

«ስምህስ?»

«ገጣሚ፣ አንተ ስለ ስም ምን ታውቃለህ? ግጥምህን እንኳ ሳትፈርም ነው የምትተወው።»

ወሬው ከተማውን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። የራሱ ጉራ ነበር የሚመለስለት። «ዘይኑ፣ እኔንና ሚስቴን አገናኘን» ይለዋል አንድ የባጃጅ ሾፌር፤ «ኧረ ለካ በአንድ ቤት የሚኖሩትን ማገናኘት አይሆንልህም።» ዘይኑ ይስቃል፣ ሰላምታውንም አላጓደለም። አዲስ ለሚከፈት ኮሌጅ ኔትወርክ ሊዘረጋ ነው ሲባል ሁሉም የሱ ሥራ ነው ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ከሌላ ከተማ ሰው አመጡ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም፤ መንገርም አላስፈለገም።

ያ ሁሉ ያስቃል፣ ይታለፋል። ያልታለፈው ሀጂ ናቸው። ጨርቅ ሲለኩ ስለ ሳጥኗ ማውራት ተዉ። አንድ ቀን እዚያው ሱቅ ውስጥ ሦስታችን ሳለን፣ ዐይናቸውን ከሜትሩ ሳያነሱ ጠየቁት።

«ሌላ ሰው ቢሆን ያገናኘው ነበር?»

ዘይኑ ጨርቁን በሌላው ጫፍ ይዞላቸው ነበር።

«ያገናኘው ነበር፣ አባ።»

«ታዲያ አንተ ምን ጎደለህ?»

መልሱን ጠበቅኩ። ከሀጂ ሌላ የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ሀጂም ወሬ የሚያወጡ ሰው አይደሉም። ዘይኑ ጨርቁን አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ መለሰ።

«እንጃ፣ አባ» አለ።

በኋላ ሎኮ ሱቅ መጥታ ለአባትህ እንኳ ልንገራቸው ብላው ነበር። አልፈቀደላትም። «አንድ ጆሮ ከገባ ሳሎን ገባ ማለት ነው» አላት። መድኃኒቷን ጨረሰች። ኮንትራቷ ተፈረመ፤ ደግሞም ተፈረመ። አሁን እዚያው ትምህርት ቤት ምክትል ኃላፊ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። ሰርቨሩን ሌላ ባለሙያ ልይ ቢል ሲስተር አስቴር መጋዘኑ በር ላይ ቆማ «ለኛ ይሠራል፣ አትነካኩብን» እያለች ትመልሰው ነበር።

ዘይኑ ሱቁን ዘግቶ ሞያሌ ሄደ። ጠረፉ ላይ ሥራ አይጠፋም፤ የነጋዴዎችን መጋዘንና ቢሮ ያገናኝ ነበር። እኔም አንድ ቦታ የምቀመጥ ሰው አልሆንኩም፤ ወደራ፣ ሐዋሳ፣ ሞያሌ፣ እንደገና ወደራ። ሞያሌ ሄጄ አብሬው ሰንብቻለሁ። ኬንያዊውን በስዋሂሊ፣ ቦረናውን በኦሮምኛ፣ ሶማሌውን በሶማሊኛ እያቆመ መንገድ ላይ ያቃጥለኝ ነበር። ጉራው ግን ቀንሶ ነበር። ታፔላው ላይ የጻፈው ስሙን ብቻ ነው።

ለቅሶው ላይ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሀጂ ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሀጂ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰውነታቸው ከሸሚዛቸው አንሷል። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ተሰብስበው መጡ፤ አቶ ማቴዎስ ሸብተዋል፣ ሎኮ ከአስተማሪዎቹ ጋር በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ ዘይኑ ብዙ ተወራ። ስለ ሰላምታው፣ በአንድ ቀን ስላስታረቃቸው ነጋዴዎች። አቶ ማቴዎስም ደግ ነገር ሊናገሩ ፈልገው፣ «ጎበዝ ልጅ ነበር። እድሜ ልኩን ያሸነፈችው የኛ ግቢ ሳጥን ብቻ ናት» አሉ። ሰዎቹ ለቅሶ ቤት በሚፈቀደው ልክ ፈገግ አሉ። ሀጂ አንገታቸውን ደፉ።

ሎኮ ተነሳች።

«አላሸነፈችውም፣ አቶ ማቴዎስ» አለች።

«እንዴት?»

«አውቆ ነው የዘጋው። ያን ጊዜ ቲቢ ይዞኝ ነበር። ካርዴ እዚያ ውስጥ ነበር። ስም ጥራልኝ ሲሉት የኔን ስም ነው ያልጠራው።»

 አቶ ማቴዎስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ደግመው አነሱት። «ልጄ፣ እኔ እኮ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

«ወዲህ ነይ» አሏት ሀጂ።

ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች።

«ችሎ ነበር ነው የምትይኝ?»

«ችሎ ነበር፣ አባባ። ከችሎታም በላይ ነው የሠራው።»

ሀጂ ወደኔ ዞሩ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እንደገና ወደሷ ተመለሱ። ከዚያ፣ «አሁንስ ድነሻል?» አሏት።

«ድኛለሁ። ቆየሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና አጠገባቸው እንድትቀመጥ ምንጣፉን በእጃቸው መታ መታ አደረጉላት።

ትንሽ ቆይቶ ከሞያሌ የመጣ አንድ ነጋዴ ገባ። ዱዓ አድርሶ ተቀመጠና ስለ ዘይኑ ሥራ አነሳ። ሀጂ ቀና አሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ድምፃቸውን ሰማሁት።

«እዚህ ነገሌ በአንዲት ሳጥን ውስጥ ሁለት ቤት ሠርቶ ነበር» አሉት። «ካስፈለገው ሁለቱንም ያገናኛል። አንዱን ግን ዘጋው፤ እንዲህ አድርጎ ዘጋው፣ ማንም አልከፈተውም።»

«ለምን ዘጋው?» አለ ሰውየው።

ሎኮ ከሀጂ አጠገብ ተቀምጣለች። ወደሷ አልዞሩም።

«እሱን አልነገረኝም» አሉ።